ሰባተኛው መስታወት

በየስድስት ሳምንቱ ሰኞ፣ ዳገቱን ስወጣ በመኪና፣
ገና ሳልወጣው ያቃስታል፣ መሰላሌም እንደ ሰው አረጀና።
ከታች ባሕሩ ግራጫ ነው፣ የብረት ፋብሪካው ዝም ብሏል፤
የፖርት ታልበት አቧራ ግን ዛሬም መስኮት ላይ ይተኛል።

ጌቲን እባላለሁ፤ እንጀራዬ የሰው መስኮት ነው፤
አባቴ ሲሞት ያወረሰኝ መቶ አሥራ ሁለት ደንበኛ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ምክር፣ ይኸው፦
«በመስታወት ጣራ ላይ እግርህን አታሳርፍ፤
ከታች ያለው ሻዩን ይጠጣ፣ አንተም ከነአጥንትህ ትረፍ።»

የወይዘሮ ኦልዌን የመስታወት ክፍል ከቤቱ ጀርባ ተለጥፏል፤
ባላቸው ኤልፌድ ጡረታ ሲወጣ የሠራው ነው፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘማል።
ሃያ አራት መስታወት። በበጋ ምድጃ፣ ብርድ ሲገባ የበረዶ ዋሻ፤
እሳቸው ግን ወንበራቸውን ከዚያ አያነሱም፣ እስከ መጨረሻ።

ጉዱ ያለው አሸንዳው ላይ ነው፣ ጣራው የሚያልቅበት፤
ማንም ቀና ብሎ የማያየው፣ ዓመቱ ሙሉ የሚጠራቀምበት።
እጄን እስከ ክርኔ እሰዳለሁ፤
የጠቆረ ቅጠል፣ አረንጓዴ ሻጋታ፣
ከጎረቤት ልጅ ያመለጠ የቴኒስ ኳስ፣
የባሕር ወፍ ጥላው የሄደች የዓሣ አጥንት፣
አንድ ጊዜም፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሙሉ ረድፍ።
«የማን ነው?» አልኩ።
«የኔ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ኦልዌን፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው።

አሸንዳ የሚጠርግ ሰው ስለ ሰው ብዙ ያውቃል፤
ከላይ የደፈኑት ነገር ከታች ግድግዳ ያበሰብሳል።

በጥቅምት አንድ ሰኞ፣ ከጣራው ሰባተኛው መስታወት ላይ፣
ርግብ ታትማ አገኘሁ፣ መስታወቱ መስሏት ሰማይ።
የክንፏ ዱቄት፣ ላባ በላባ፣ ደረቷ፣ የተከፈተ ምንቃሯ፤
ሞታ ይሁን ድና ይሁን፣ መስታወቱ ጋ ቀረ ምስጢሯ።

ስፖንጄን ከነዘንጉ ሳነሳ፣ ከሥር በምርኩዛቸው መቱ ጣራውን፤
«ይህን ተወው» ከንፈራቸው ነው የነገረኝ፤ ድምፃቸው አላለፈም መስታወቱን።
አልጠየቅኩም። ሃያ ሦስቱን አጠብኩ። ተውኩላቸው አንዱን።

በማግሥቱ ልጃቸው ደወለ፣ ኤሚር፣ ካርዲፍ ባንክ ቤት የሚሠራው፤
«ከእናቴ ሃያ ስምንት ፓውንድ ተቀብለህ አንዱን ዘለልከው? ምን የሚሉት ሥራ ነው?»
በዚህ ሙያ ስም ማለት ዳቦ ነው፤ አንድ ሰው ካጉረመረመ
እስከ ዳገቱ ጫፍ ይሰማል፤ ዘጠኝ ደንበኛ በአንድ ሳምንት ከመዝገቤ ከሰመ።
አፌ ላይ መጥታ ነበር ርግቢቱ። ዋጥኳት።
«ረስቼ ነው» አልኩት። «ይቅርታ።» ሁለት ፓውንድ ቀነስኩለት።

ኅዳር በዝናብ ገባ። ስመለስ፣ ሰባተኛው መስታወት ባዶ ነበር፤
ዝናቡ ያለ ባልዲ፣ ያለ ክፍያ፣ አጥቦት ሄዶ ነበር።
«ድና ነው የሄደች» አሉኝ ወይዘሮ ኦልዌን፣ በሩን ገርበብ አድርገው፤
«ሥሩን ሁሉ ፈልጌያለሁ፤ አንድ ላባ የለም፤ ከአጥሩ እስከ አበባው።»

ያን ቀን ተራው የአሸንዳው ነበር። ወጣሁ፤ እጄን ሰደድኩ።
ውሃ ካቆረበት ጥግ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ አንድ ለስላሳ ነገር ዳሰስኩ።
ግራጫ ነበር። ቀላል ነበር። አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት።
ከጭቃው ጋር ወደ ከረጢቴ ከተትኩት፤ ውሃው ጉሮሮው ተከፈተለት።

በቱቦው እየተንደረደረ ሲወርድ፣ ከታች ሆነው ሰሙት እሳቸው፤
«ምን ኖሯል የደፈነው?»
«ቅጠል ነው» አልኩ። «ቅጠል ብቻ ነው።»

ሃያ አራቱንም አጠብኩ።
ሰባተኛውን ሁለት ጊዜ።