ወራጅ አለ

የመኪናዬ ስም ዶልፊን ነው፤ ባሕር ግን አይቶ አያውቅም።
ሃያ ሁለት ዓመት ከመገናኛ ሜክሲኮ ሲመላለስ
ውኃ ያየው ኡራኤል ጋ ነው፣ ክረምት ጎርፉ ሲፈስ፣
ጎማው እስኪዋጥ ድረስ።
እሱን ባሕር ካላችሁት፣ እኔ አልከራከርም።

ዘንድሮ ወንበሩን ነቀልኩት፣ አሥራ አንዱንም፣ አንድ ባንድ።
ካንዱ ሥር ሃያ አምስት ሣንቲም ተገኘ፣
ካንዱ የሕፃን ጫማ፣ ነጠላ፣ የግራ እግር።
ፍራሽ ዘረጋን፣ ቡታጋዝ አሰርን፣ እናንዬ መጋረጃ ሰፋች።
«ጡረታ ወጣህ ወይስ ቤት ለቀቅህ?» አለኝ ጎረቤቴ ዘርጋው፤
ሁለቱንም ነው መሰለኝ።
ይለፍ ጋቢና ገባ፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣
ሒሳብ ከፍሎ አያውቅም፤ ተጠይቆም አያውቅ፣ እንዲያው አለፈ።

ዱርቤቴ ሳንደርስ፣ ኬላ ላይ፣
«ይለፍ አላችሁ?» ቢለን ጠባቂው
«አለን» አልኩት። ስሙን ሲሰማ ውሻው
በመስኮት ብቅ አለ፣ ምላሱን ጥሎ።
ሰውዬው ገመዱን ለቀቀልን፣ ሳቁን ውጦ፣ ቶሎ።

ባሕር ዳር ላይ ነጋልን። ስሟን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር፤
የባሕር ዳር እኮ ነው ነገሩ። ባሕር ለሌለው አገር
ይህም ዳር ይበቃዋል።
የዶልፊንን አፍንጫ ወደ ውኃው አዙሬ አቆምኩት፣
ሞተሩን አጠፋሁና «ይኸውልህ» አልኩት።

ይለፍ ደንገሉ ውስጥ ገብቶ አንድ ይብራ አባረረ፤
ይብራው ሁለት ክንድ ርቆ አረፈና
እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቀስ ብሎ ዞሮ አየው። ይለፍ አፈረ።
ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ልናይ ወረድን።
«ጉማሬ!» አልኩ። «ድንጋይ ነው» አለች እናንዬ።
ድንጋዩ አዛጋ።
ሦስታችንም ተመለስን፣ ሩጫ ነው በማይባል እርምጃ።

ምሳ ቀረሶ ነበር፣ ጥብስ፣ ከነጭንቅላቱ።
እሾሁን እየለቀመች ውሻውን አጎረሰችው፣ በየተራ፣ በጣቷ።
እኔን እንዲህ ያጎረሰችኝ በሠርጋችን ማግስት ነው፤
ዘመኑን ልቁጠረው?

ከሰዓት በጀልባ ወደ ክብራን። ባለጀልባው ይርሳው
ሞተሩን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ከኛ አሽሽቶ፣ ነገሩን አነሣው፦
«ለሴት አይፈቀድም። ለውሻም።»
ባንድ ትንፋሽ መባሏ አስቀየማት፣ ወይም አሳቃት፤
ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ዛሬም ከንፈሯን መለየት ይከብደኛል።
«ሂድ» አለች፣ «ለኔም ተሳለምልኝ።
እኔና ይለፍ እንጠብቅሃለን፤ ሴትና ውሻ መጠበቅ መች ያቅተናል?»

ወጣሁ። ዳገት ነው፤ ጉልበቴ ክላቹ እንዳለቀ መኪና።
ጫማዬን አወለቅኩ፣ ደጁ ላይ ቆምኩ።
ጸጥታው
የመጨረሻው ሰው ከወረደ በኋላ
እንዳለው እንደ ባዶ መኪና ጸጥታ ነበር፣
ማታ ሦስት ሰዓት፣ እጅህ ገና መሪው ላይ እያለ።
ያንን አውቀዋለሁ። በየማታው አብሬው ተቀምጫለሁ፤
ጸሎት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ከታች፣ ከውኃው፣ ይለፍ ጮኸ። አንዴ። ደግሞ አንዴ።
ወራጅ አለ።
ቀኝ እግሬ ፍሬን ፈለገ።
ሁለቴ ተሳለምኩ፣ ለሁለት ሰው፤
ሦስተኛውን በልቤ፣ አባ ሳያዩኝ፣
ወረድኩ።

ጀልባው ላይ ማንም ምንም አልጠየቀኝም።
ይለፍ እግሬን አሸተተ፤ አቧራው የቅዱስ ቦታ ነው፣
ላሰው።

ማታ ፀሐይ ከዘጌ ጀርባ ስትገባ ነፋስ ተነሣ።
የዶልፊንን የኋላ በር ከፍተን ተቀመጥን፣ እግራችን ተንጠልጥሎ፣
ውሻው መሐላችን።
ውኃው እየተገፋ መጥቶ የፊት ጎማውን ነካ፣ ሸሸ፣ ደግሞ ነካ።
«ወደኋላ ሳበው» አለች እናንዬ፣ «ይሰምጥብሃል።»
«ተይው» አልኳት፣
«ይልመደው።»