የማይሰበሰብ ሂሳብ

በአሥራ ስምንት ዓመቴ ሰልፍ ላይ ቆሜ
አንድ ቅጽ ላይ ሰፈረልኝ ስሜ።
ምግብ፣ መኝታ፣ ትምህርት፤ ሦስት ረድፍ አለው።
"ወጪ መጋራት ነው" አሉኝ፤ "ፈርሚው።"
ፈረምኩ። ማን ያነባል ካፌው ሊዘጋ ሲል፣
ሽሮው ሳያልቅ ልድረስ ብሎ ሲቻኮል?

አራት ዓመት በላሁ፣ አራት ዓመት ተኛሁ፣
ዴቢትና ክሬዲት ሳስታርቅ አመሸሁ።
ጋውኑን በኪራይ፣ አበባውን በዱቤ፣
"ተመረቅሽ" ሲሉኝ ግማሽ አመነ ልቤ፤
ዋናው ዲግሪ ቀርቷል፣ ሬጅስትራር መሳቢያ ተቆልፎ፣
ሠላሳ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር በስሜ ትይዩ ተጽፎ።
ቀጣሪው ሁሉ "ዋናውን አምጪ" ይለኛል፤
ዋናውን የያዘው "ቅድሚያ ክፈይ" ብሎ ይመልሰኛል።
በሁለቱ መሃል እንደ በር ማጠፊያ ስዞር
ደላላው ደረሰ፤ ይዞ ሌላ ብድር።

ሰልዋ። ኩዌት። ከባሕሩ ሁለት መንገድ ወዲህ።
የቤቱ ልጅ ስሟ ደላል ነው። አቤት፣ ስሙን ሰማህ?
በደላላ መጥቼ ለደላል ሸሚዝ ልተኩስ!
የሳቅኩበትን ነገር አስረድቻት አላውቅም እስካሁን ድረስ።
ዩኒቨርሲቲ ናት፤ መንግሥት በየወሩ
አበል ያስገባላታል፣ ሳያጎድል ከቁጥሩ።
እሷ ልትማር ይከፈላታል፤ እኔ ተምሬ እከፍላለሁ።
አልተናደድኩም። እጅጌዋን አስተካክዬ እተኩሳለሁ።

አንድ ማታ ደብተሯን ወረወረች፤ የእርጅና ቅናሽ፣
የመኪና ዋጋ ባምስት ዓመት እንዴት እንደሚሸሽ።
ሽንኩርቱን ገፋ አድርጌ፣ በእርጥብ እጄ፣
ሠራሁላት እስከ መጨረሻው፣ ምድጃው ጋ ሄጄ እየተመለስኩ፣ ሄጄ።
"ማን አስተማረሽ?" አለች፣ ዓይኗ ፈጦ።
"መንግሥት" አልኳት፤ "አበድሮኝ፣ ዲግሪዬን መያዣ አስቀምጦ።"

አርብ ግን የኛ ናት።
ፈርዋኒያ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ኋላ፣
አሥር ሴቶች፣ ሃያ ሃያ ዲናር፣ አንድ እቁብ፣ አንድ ጥላ።
ሕጉን ያወጣችው ሸምሲያ ናት፣ የሀርቡዋ፦ "ዕጣው መጀመሪያ
የምዝገባ ቀን ለደረሰባት፤ ወርቅና ስልክ ኋላ ወዲያ።"
በቀደመው ዙር የብርነሽ ታናሽ ነርስ ሆኖ ወጣ።
ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ ሹመት ከየት ይምጣ?

መጋቢት ላይ ለትርንጎ ደረሳት።
ወንድሟ ጅማ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት፣ የከብት ሐኪም ሊሆንላት።
ሦስት ወር ከፈለች።
በሰኔ ከእመቤቷ ደረጃ ወደቀች፤
ወገቧን አስረው፣ ባንድ ሻንጣ፣ ላኳት።
መቶ አርባ ዲናር ቀረባት።

ብርነሽ "ወንድሟ ይክፈል" አለች። ሌሎቹ ዝም፤
የማቀዝቀዣው ጠብታ ባልዲው ውስጥ ጠም፣ ጠም።
ሸምሲያ ዞረችና፦ "አንቺ የተማርሽው፣ መዝገብ ምን ይላል?"

መዝገብ ምንም አይልም።
ግን ከምሳ በኋላ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ፣
መምህር አንዳርጌ የጻፉት አንድ ቃል ነበር፤ እሱ ትዝ አለኝ፦
የማይሰበሰብ ሂሳብ።
"መሰረዝ መርሳት አይደለም" ነበር ያሉት፤
"ያበደረው፣ ጉዳቱን 'የኔ' ብሎ ሲጽፈው ነው።"
ያቺን አንድ ክፍለ ጊዜ በዱቤ ነው የተማርኳት፤
ገና አልከፈልኩባትም።

መቶ አርባን ለዘጠኝ አካፈልኩ።
አሥራ አምስት ዲናር ከአምስት መቶ ሃምሳ አምስት ፍልስ።
ብርነሽ አጉረመረመች፤ ጻፍኩባት፤ ፈረመች።
ደምሬ ሳየው አምስት ፍልስ ጎደለ፤
ለማንም የማትካፈል፣ ከመንገድ የማትነሣ ሳንቲም።
"እሷን ማን ይውሰድ?" አልኩ።
"ተያት" አለች ሸምሲያ፤ "በትርንጎ ስም ትቆይ።
ዕዳ የሌለበት ሰው ከመዝገብ ይወጣል።"

ማታ ድምፅ ላከች ትርንጎ፤ ተኝታ ነው፣ ትንፋሿ ቆረጥ ቆረጥ ይላል።
አለቀሰች፣ መረቀችን፣ ከዚያ ሳቀች፦
"አምስቷን ፍልስ ግን" አለች፣ "እንዳትምሩኝ።"

የኔ መዝገብ ያለው ሩቅ ነው፣ የማላውቀው ሰው እጅ።
ነገ ደላል በሰባት ሰዓት ክፍል አላት፤
ነጩን ሸሚዝ አርጥቤ አስቀምጫለሁ።