አራተኛው ብሎን

ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ ቀለሟ ገና ትኩስ፣
ከሣጥን የወጣች፣ ዓመት እንኳ ሳትደርስ፣
እምቦጭ ልትጎትት ከጣና ዳር መጥታ
አንድ ሰኞ ጠዋት ጀመራት ስሞታ።

ሽር... ቋ።
ሽር... ቋ።
ወደ ግራ ስጠመዝዛት ብቻ፣
ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ በጭቃው መንገድ፤
ጭነት ስትይዝ ዝም፣ ባዶዋን ስትሄድ
ሽር... ቋ።

ዘይቷን አየሁላት፣ ሙሉ ነው፣ እንደ ማር፤
ካቴናዋን ዳሰስሁ ከዳር እስከ ዳር።
ምንም።
ሞተሯ ግን ታሽጓል በቢጫ ማኅተም፤
«ይህን የነካ እጅ ዋስትናውን ያጣል»
ይላል ከላዩ ላይ። መፍቻዬ ይቀመጣል።

ዋስትናው ሊያበቃ ዐሥር ቀን ቀርቶታል።
«ድምፁን ቀድተህ ላከው» አስመጪው ብሎኛል።
ቀድቼ ላክሁለት፦ ነፋስ፣ የውሃ ወፍ፣
የሞተሯ ጩኸት፣ የእኔው ሳል በትርፍ።
«ወፏ ናት እንዴ?» አለኝ።

በአራተኛው ቀን ቴክኒሻኑ መጣ፤
ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ላፕቶፑን አወጣ።
በአስፋልቱ ነዳት፣ በግራ አዟዟራት፣
በሦስተኛ ማርሽ እስከ ወደብ ነዳት።
ዝም!
እንዳልመሰከርሁ፣ እንዳልከሰስኋት፣
አንገቷን የሰበረች ጨዋ ሙሽራ ናት።
ሐኪም ደጅ ሲደርስ ሕመም እንደ ተወው
በሽተኛ ሆንሁና ቆሜ አፈርሁ ከሰው።
«ድምፅ አልተገኘም» ብሎ ጽፎ ፈረመ፤
ቆሮሶ ጥብስ በላ፣ አጥንቱን ለቀመ፣
በማታው በረራ ሄደ።
እኔም ከአስፋልት ወርጄ ጭቃውን ስነካ፦
ሽር... ቋ።

ጋሽ እንየው ጋራዥ አለው ከገበያው ጀርባ።
ጆሮው ከደነቆረ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤
ሞተር የሚሰማው በጥርሱ ነው ይባላል።
በክሪክ አነሣናት። ጎማዋን አዞርሁ።
ካቻቢቴውን ነክሶ፣ ጫፉን ብረቷ ላይ፣
ዓይኑን ጨፈነና ዞረ ወደ ሰማይ።
«ኩሽኔታ አይደለም» አለ። «ኩሽኔታ ያለቅሳል።
ካምቢዮም አይደለም። ካምቢዮ ሲጎዳ ይሳደባል።»
«ታዲያ ምንድን ነው?»
ካቻቢቴውን ከአፉ አወጣ፣ በሱሪው ጠረገው፦
«እንግዳ ገብቶባታል። ከርሟል መሰለኝ።»

ማኅተሙን ሳይነካ ከሆዷ ሥር ተኛ።
የሆዷ ላሜራ በአራት ብሎን ይታሰራል፤
እንየው ሦስት ፈታ።
አራተኛው ቀዳዳ ጭቃ ብቻ ጎርሷል።

አክሰሉ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ቁራጭ፣
ከጫፉ የጣት ጥፍር የምታህል እርሳስ።

እንየው መዳፌ ላይ ወርወር አደረገና፣
«ይቺ አትካተትም» አለኝ «በዋስትና።»

እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው።
ጾሙ ሊፈታ ሰሞን፣ ዳር ላይ የተሰጣ መረብ፤
ቸኩዬ ነበር፤ ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም፤
በላዩ ነዳሁ።
በማግሥቱ ቢምረው፣ ባለ መረቡ፣ ጠየቀኝ፦
«በዚህ አልፈህ ነበር?»
«እኔ? በወዲያኛው ነው» አልሁት።
ያን ቀንም የታጠፍሁት ወደ ግራ ነው።

ቢምረውን አገኘሁት ታንኳው አፍ ላይ ተቀምጦ፣
መርፌውን በከንፈሩ ይዞ።
እርሳሷን ሰጠሁት። አንድ ቃል ይዤ ነበር፤ አልወጣም።
በመዳፉ መዘናት፣ ነከስ አደረጋት።
ከዚያ መረቡን እየሳበ፣ እየሳበ፣
የተሰፋው ቦታ ላይ ሲደርስ አቆመ።
ከእርሳሶቹ መካከል፣ በአንዷ ምትክ፣
አንድ ብሎን ታስሯል፤
የሚያብለጨልጭ፣ አናቱ ላይ የፋብሪካ ቁጥር ያለበት።

«ይሄኛው ደኅና ይሰምጣል» አለ።
እርሳሷን መለሰልኝ። «አንተ ቀዳዳህ ላይ ሞክራት።»
ሳቀ ልል አልችልም፤ መርፌው ከንፈሩ ላይ ነበር።

ማኅተሙ እንደ ቢጫነቱ አለ። ዋስትናው ስድስት ቀን ቀርቶታል።
ሞተሯን አስነሣሁ፤ ከሰጣው መረብ ጫፍ ስደርስ አጠፋሁ፤
ወርጄ በእጄ ገፋኋት፣
ዙሪያውን፣ በሩቁ።