የታጠፈ ጥግ

ማቶዚንዮስ ወደብ፣ ሌሊት አስር ሰዓት፣
ሳርዲን የሞላው ጀልባ ሲጠጋ ከመብራት፣
እኛ ፖርቶ መሐል ተኝተናል፣ ሞቋል አልጋችን፤
ዓሣ ዓሣ አይሸትም ሕልማችን።

የመጀመሪያውን ፕሮግራም እንዲህ ነው የጻፍነው፦
የዓሣ ጨረታ ማለት ምንድን ነው?
ዓሣ ይመጣል፣ ይመዘናል፣
ይሸጣል፣ ይከፈላል፤
አራት ሣጥን በሦስት ቀስት፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ ያምራል።
ስድስት ወር ኮድ ጻፍን። ኮዱም ጋለበ እንደ ፈረስ፤
እኛው በደለደልነው ሜዳ ምን ያግደዋል እንዳይደርስ?

ሰኞ ዕለት ገጠምነው።
ማክሰኞ የአጥማጆቹ ጩኸት ከባሕሩ ድምፅ በለጠ።
ረቡዕ ጠዋት አዴሊኖ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሚዛን ላይ የቆመው፣
ሁለት ጣቱን የጀልባ ገመድ የወሰደው፣
ስክሪናችንን በላስቲክ ጠቅልሎ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠ፤
እርሳሱን ከጆሮው አወረደና
እንደ ወትሮው በእጁ ደረሰኝ ቆረጠ።

«ለውጥ ፈርተው ነው» አልኩ በስብሰባው።
(እኔ ነኝ ያልኩት፤ ዛሬም ያሳፍረኛል ቃሉን ሳስበው።)
ዙልሚራ ግን፣ ከሁላችን ትንሽ ኮድ የምትጽፈው፣
ከሁላችን ብዙ የምትጠይቀው፣
«ሂደቱን ታውቀዋለህ?» አለችኝ።
«አዎ» ብዬ አራቱን ሣጥን አሳየኋት፤
ሣጥኖቹን አልፋ እኔን አየችኝ።
«ሂደት ከመሄድ ነው» አለች። «ያንን ዝጋውና ሂድ።»

ሄድኩ።
ከአንድ ዓሣ ጫኝ የጎማ ቦት ተበድሬ፣ እግሬ በውስጡ እየዋኘ፣
አንዲት ቁራጭ ወረቀት ተከተልኩ ሦስት ሳምንት፣
የጠፋበትን ተበዳሪ መንገድ ላይ እንዳገኘ።

አዴሊኖ ከየሣጥኑ ሁለት ኪሎ ይቀንሳል። ሌባ መሰለኝ።
«የበረዶው ነው» አለኝ፤
«በበጋ ሦስት ይሆናል፤ የሰሜን ነፋስ ከመጣ ደግሞ አንድ ተኩል።»
«ይኼስ የት ተጽፏል?»
በሦስቱ ጣት ግንባሩን መታ መታ አደረገው።
ሌላ ቅጂ የለውም፤ መዝገቡ እሱ ነው።

ሮዝ ቅጂ የሚባልም አለ። ኤርሜሊንዳ ቢሮ ደርሶ መሳቢያ ይገባል፤
ከዚያ ወዲያ ማንም አያየውም።
ያዘዘው ተቆጣጣሪ ጡረታ ከወጣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።
እኛ ለዚያ ሮዝ ወረቀት
አንድ ወር ሙሉ ሠርተናል፤
ቀለሙ በልኩ አልመጣ ብሎን ቢሮ አድረናል አንድ ሌሊት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጥጉ የታጠፈ ወረቀት አየሁ።
የታጠፈው ሰልፍ ሰብሮ ይቀድማል።
ጉቦ ይሆን? ጠረጠርኩ፤ ዝም ብዬ ቆየሁ።
ሁለት ቀን ታግሼ ጠየቅኩት።
«ከወንዙ አፍ የሚመጡት ናቸው» አለ፣ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳይነቅል፤
«እነሱ ማሰሪያ ጋ ጥልቀት የለም። ውኃው ሳይሸሽ ካልተመለሱ
ጭቃ ላይ ናቸው እስከ ማታ። በረዶም የለ፣ ነዳጅም የለ።»

ማክሰኞ ያን ጊዜ ገባኝ፣ የዚያ ሁሉ ጩኸት ፍቺ፦
ፕሮግራማችን በመጡበት ተራ አሰልፏቸው፣ ቀጥ አድርጎ፣ ሳያዳላ፣
ሦስት ጀልባ ጭቃ ላይ በጎኑ ተኝቶ ነበር፣
ውኃው ሸሽቶት ወደ ኋላ።

መሠረት የሚሉት ድንጋይ አይደል ለካ፤
ወርዶ ማየት ነበር ማን ምን እንደነካ።

ሁለተኛው ፕሮግራም አጭር ነው። ሮዝ የሚባል አያውቅም።
ለእርጥብ ጓንት የሚሆን ሰፊ ቁልፍ አለው፣
በላዩም ጥጉ የታጠፈ ወረቀት ተሥሏል።
አዴሊኖ ተጫነው። ወረቀቱ ቀደመ፤
ጀልባዋ ጎህ ሳይቀድ ወጣች። አላመሰገነም።
«ክረምት ሲገባ» አለኝ፣ «ኦክቶፐስ ሲመጣ፣ ነገሩ ሌላ ነው።»
እርሳሱ ከጆሮው አልተነሣም።
እኔም ቦቱን አልመለስኩም።