እስከ ዓርብ

ሬጅስትራር ቢሮ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ፣
ወይዘሮ ዘርፌሽዋል ፊቴን እንኳ ሳታይ
ቅጹን አቀበለችኝ፤
«እስከ ዓርብ» አለችኝ፣
«ከዚያ በኋላ መጥተሽ እንዳትጨቀጭቂኝ።»

ቀለም የጨረሰ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ርዕሱ ተንጋዷል፤
«ትምህርት ለጊዜው ማቋረጥ» ይላል።
ከሥሩ «ምክንያት»፤ ከፊቱ አንዲት መስመር፣
ከጣቴ የምታጥር።

ኤጀንሲው አቶቴ ነው፣ ከሞባይል ጠጋኙ ፎቅ ላይ።
ግድግዳው ላይ ሥዕል፦ ባቡር ሲገለበጥ በሰማይ፣
ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው፤
ይጩኹ ይሳቁ አልለይም፣ ሥዕል ድምፅ የለው።
«ዓረብ አገር ቢሆንም የቤት ሥራ አይደለም» አለኝ ሰውየው፣
«የመዝናኛ መንደር ነው። አሥራ ሁለት ወር። መኝታው በእነሱ።
ቀበቶ መፈተሽ፣ አረንጓዴውን መጫን፣ ፈገግ ማለት፤ ይኸው ነው።»
ፈገግታው ውሉ ውስጥ አለ፤ አንቀጽ ስድስት።
ደመወዙ አንቀጽ ሰባት፤
የአንድ ወሩ ብቻ በብር ሲመነዘር
ከአባቴ ባጃጅ ዕዳ ሩቡን የሚሽር።

ፌቨን ከላይኛው አልጋ አንገቷን አስግጋ፣
«አንድ ዓመት ምን አላት? ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ ነጋ!»
ያብስራም «አንድ ዓመት» ብላ ነው የሄደችው፤
ፍራሿ ተጠቅልሎ ቁምሳጥኑ ላይ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘው።
ባለፈው ፎቶ ላከች፤
የድብ ልብስ ለብሳ ለሕፃናት እጇን ታውለበልባለች።
ፊቷ አይታይም።
እሷ ናት ብለን አመንን፤ ሌላ ምን ይባላል።

አባቴን ነገርኩት፣ ማታ፣ የቀኑን ገቢ ሲቆጥር።
መቁጠሩን አላቆመም።
ወንድሜ ምንተስኖት ጥግ ይዞ ለማትሪክ ያጠናል፤
ወይም ያንኑ ገጽ ያያል።
«አንቺ ታውቂያለሽ» አለ አባቴ።
ቢቆጣኝ እንቢ እላለሁ፣ ቢለምነኝ እሺ፤
እንዲህ ሲለኝ ግን
እኔ ምንም አላውቅም።

እሑድ ፍቅር ሐይቅ ሄድኩ፣ ወደ ጋሽ ሌዳሞ መሽከርከሪያ፤
ስምንት ወንበር፣ ቀለሙ የተላጠ፣ አንዱ ያለ መደገፊያ።
ሦስት ዓመት ሙሉ መካኒካል ስማር
ስንቱን ጎማ በወረቀት ሳዞር፣
ወደ መሃል የሚስበውን ኃይል አስልቼ ቢ ፕላስ ሳገኝ፣
አንዱም ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ወጣሁ። ታቦር ተራራ ትከሻውን ሰጠኝ፣
ሐይቁ ተዘረጋ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ጣሪያ ዓይኔን ወጋኝ፤
ልክ ጫፍ ስደርስ
ሙዚቃው ተቆረጠ።
መብራት ሄደ።

ከፊቴ፣ ምሰሶ ላይ፣ አንድ አባ ኮዳ
እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ዝም ብሎ ያየኛል።
«አይዞሽ!» አሉ ጋሽ ሌዳሞ ከታች፣ «በእጄ አወርድሻለሁ!»
ብረቱ አቃሰተ። ስንዝር በስንዝር ወረድኩ።
እኔ በወረድኩ ቁጥር ግን
ሊወርድ እግሩን ያወጣ፣ ቢጫ ኮፍያ ያጠለቀ ልጅ
ሳይፈልግ ወደ ላይ ሄደ፣
እናቱ ከታች ስሙን እየጠራች።
ይህን በፈተና አልጠየቁንም።

መሬት ስረግጥ ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።
«ስንት ዓመትዎ ነው እዚህ?» አልኳቸው።
«ለአንድ ክረምት ብዬ ነበር» አሉኝ፤
ሳቁ፤ ቀጥለው መቁጠር ጀመሩ፤
ጣታቸው አለቀ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ፌቨን ተኝታለች።
ቅጹ ጉልበቴ ላይ። እስክሪብቶው ይሠራል፣ ሞክሬዋለሁ፤
«ምክንያት» ከሚለው ፊት፣ በዚያች አጭር መስመር ላይ፣
ሳላስበው አንድ ክብ ሥያለሁ፣
ስምንት ወንበር ያለው።
ማን እንደሚቀመጥበት
ገና አልጻፍኩም።