የተደፋ ካርታ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፒያሳ፣ ዘነበወርቅ ቤት፣
የብረት መዝጊያው ግማሽ ወርዷል፣ የውጭው አምፖል ጠፍቶበት።
የኳሱ ሕዝብ ሄዷል፣ ዳኛውን እየረገመ፤
ወንበሩ ጠረጴዛ ላይ፣ እግሩን ሰቅሎ ቆመ።
የቀረነው ጋሽ ኩራባቸው፣ እኔና ሪሞቱ ነን፤
«ይቺን እጅ ብቻ» ብለን፣ አራተኛ እጅ አየን።

ባሕር ማዶ ነው ጨዋታው፤ መስኮት የለውም ቤቱ፤
ሺህ ሆነው ነበር የገቡት፤ አሁን ቀሩ ሁለቱ።
አንዱን መሪጌታ ብለነዋል፣ ስሙ ለምላስ ቢከብደን፣
ጢሙን ደረቱ ላይ አስተኝቶ፣ ከንፈሩ ሲያነበንብ አይተን።
ስድስት ሌሊት ተከተልኩት። ካርታ ይሰጡታል፤ ይመልሳል።
ይሰጡታል፤ ጫፉን ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ይመልሳል።
እንደ ጾመኛ፣ የቀረበለትን ሳህን በጣቱ ወደዚያ ገፍቶ።
ሌላው ደላላው ነው፤ በሌሊት ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣
የሌለውን ቤት የሚያከራይ፣ በባዶ እጁ የሚያስፈራ፣
ቺፑን እንደ ሸክላ ግንብ ፊቱ ደርድሮ የሚያወራ።

እኔ ማኅተም ቀራጭ ነኝ። ጎማ ላይ ፊደል ገልብጬ እጽፋለሁ።
በሕይወቴ አንድ ብር አስይዤ አላውቅም፤ ዕቁብ እንኳ እፈራለሁ።
ሚስቴ ይህን ስለምታውቅ፣ «ምን ቸገረኝ፣ እይ» አለች፤
«ሰው በሰው ገንዘብ ይደነግጣል?» ብላ ስቃ ተኛች።
ይደነግጣል። መሪጌታ ሲያስብ መዳፌን ላብ ያጠምቀዋል፤
ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር እንደ ስፌት መኪና ይመታል።

ደግሞ እኮ የማየው እኔ ነኝ። ካሜራው ከሥር ገብቶ
የተደፋውን ይነግረኛል፣ ለባላጋራው ደብቆ፣ ለኔ አብርቶ።
ጋሽ ኩራባቸው ይህን አይወድም። የኮንከር ሰው ነው፣ የድሮ፤
«ካርታው ከታየ ምኑን ጨዋታ ሆነ?» ይላል አምርሮ።
«ቅኔ ከነፍቺው ሲሰጡህ፣ ምን ቀረህ የምትፈታው?»
እኔ ግን ፍቺውን ይዤ ነው፣ ሰሙን የማደንቀው።

ምንጣፉ ላይ አስና ንጉሥ ወጥቷል። ደላላው በሁለትና በሰባት ያለውን ሁሉ ገፋ፤
መሪጌታ ሁለት ንግሥት ይዟል፤ እጁ ግን መሃል መንገድ ላይ ጠፋ።
«አትመልስ!» ብዬ ጮህኩ። ቃሌ ስንት ውቅያኖስ ይሻገራል?
ያውም የተቀረጸ ነው፤ ያለቀ ነገር ይታያል።

መሪጌታ አሰበ። ጢሙን ዳሰሰ። ከንፈሩ ቆመ።
ፍሪጁ እንኳ ዝም አለ። አንድ ላዳ ብቻ ዳገቱን እያቃሰተ አዘገመ።
ከዚያ ሁለቱን ንግሥቶች፣ ፊታቸውን ደፍቶ፣ መለሰ።
ደላላው ሳቀ። ጋሽ ኩራባቸው ቢራውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ።

ተናደድኩ። «ይኸው ፊት ለፊቱ! እንዴት አላወቀም?» አልኩ።
የሚያዝንልኝ ፍለጋ ወደ ባንኮኒው ዞርኩ።
ከካልኩሌተሯ ሥር አንዲት ወረቀት አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣
የማኅተሟ ሐምራዊ ክብ በስስነቷ በኩል ታይታ።
ፊደሉ ተገልብጦ ነበር። የተገለበጠ ማንበብ ሙያዬ ነው፤
«...ክፍለ ከተማ... ለልማት... በሠላሳ ቀን...» የቀረውን ጣቷ ሸፈነው።

ስድስት ሌሊት እፊቷ ነበርኩ። ሒሳቡን «ነገ» ስላት፣
«ነገ» ትለኝ ነበር። ፊቷ ላይ አንድ ነገር አላየሁባት።

አልጠየቅኳትም። እሷም መዝጊያውን ልታወርድ አልሄደች፤
አንድ ወንበር ከጠረጴዛ አውርዳ፣ አጠገቤ ተቀመጠች።
«መሪጌታ የምትሉት የቱ ነው?» አለች።

«ያ፣ ጢማሙ» አልኳት። ካርታ ሰጡት። ጫፉን ገለጥ አደረገ።
እኛ ቀድመን አየነው።
ጋሽ ኩራባቸው ዓይኑን በመዳፉ ጋረደ፤ ላለማየት ፈለገ።