የተመለሰበት ቀን

ኒውፋውንድላንድ፣ ብሬከር ኮቭ፣ ከወደቡ ቢሮ፣
ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ አድሮ፣
አንድ ሠንጠረዥ ሰጡኝ፤ «አስተካክይ» ብለው፣
አምብሮዝ ፓይክ በሁለት ጣት ሲሞላው የኖረው።
ግማሹን ከአባቱ ደብተር የገለበጠው፣
ግማሹን በመስኮት አይቶ የመዘገበው።

ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ «የወጣበት»፣
አጠገቡ ደግሞ «የተመለሰበት»።
ሦስት ሺህ ረድፍ ጀልባ፣ የሰማንያ ዓመት ባሕር፤
ቀኑ ግን ቀን አይደል፣ የፊደል ድርድር።

ለማሽኑ ጃንዋሪ እንደ ገመድ፣ እንደ ጨው፣
ተጽፎ የተተወ ተራ ቃል ነው።
«በየቀናቸው ደርድር» ብዬ ባዘው
ከአንድ ቀጥሎ ዐሥርን አመጣው፣
ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት፣ እስከ ዐሥራ ዘጠኝ፤
ምስኪን ሁለትን ከኋላ ቆሞ አገኘሁኝ።
በዚህ አቆጣጠር ጃንዋሪ ሲወጣ
ኦክቶበር ገባና፣ ፌብሩዋሪ ከዲሴምበር ኋላ መጣ።

«ኤፊ ማሪ» በሃያ ስምንት ዓሣ ጭና የገባች፣
ዓመቷን በሁለት አኃዝ ብቻ ስላስጻፈች፣
በሁለት ሺህ ሃያ ስምንት ትመለሳለች።
እንጨቷ በስብሷል፤ ጉዞዋ ገና ነው።

መጀመሪያ ቅጂ አኖርሁ።
ከዚያ አዲስ ዓምድ ከጎኑ ከፈትሁ፣ አሮጌውን ሳልነካ።
እስከ ፊተኛው ህዝባር ቁረጥ፣
ከህዝባር እስከ ህዝባር ቁረጥ፣
የቀረውን ዓመት በል።
ሥራው መበለት ነው፣ እንደ ዓሣ፦ ራሱ፣ ሆዱ፣ ጅራቱ።

ዘጠኝ መቶ ያህሉ እምቢ አሉ።
አንዱ «ከማዕበሉ ማግስት» ይላል።
አንዱ «ሮዛና የወለደች ለት»።
አንዱ ፌብሩዋሪ ሠላሳ ነው፤
አምብሮዝ ያን ቀን ቀምሶ ሳይሆን አይቀርም።

ደግሞ ሎርና ዌልሽ አለች፣ ከቶሮንቶ የመጣች፣
እሱ በታመመ ቁጥር ወንበሩ ላይ የተተካች።
እሱ ቀን ያስቀድማል፣ እሷ ወር፤
የትኛውን ማን እንደጻፈው የጻፈ የለም፣
የኮምፒውተር ፊደል የእጅ ጽሕፈት የለውም።
ከዐሥራ ሁለት ያለፈ ቁጥር ራሱን ያጋልጣል፤
ዐሥራ ሦስተኛ ወር በዚህ ባሕር የለም።
ከዚያ በታች ያለው ግን ጭጋግ ነው፣
ፊቱ ከጀርባው አይለይም።

«ዊኒፍሬድ ቢ»፣ ሦስት ሰው።
የወጣችበት፦ 05/02/91።
የተመለሰችበት፦ 0።
ዜሮን «ቀን ሁን» ቢሉት፣ ማሽኑ
ዲሴምበር ሠላሳ፣ 1899 ይላል፤
የእሱ ዘመን የሚጀምረው ከዚያ ነውና።
ሦስቱም ሳይወለዱ ከባሕር ገብተዋል።

ሄቲ ሞውላንድ ቤት ሄድሁ።
መበለት ናት፤ መረብ ትጠግናለች፣ የሚጥለው ባይኖርም።
«ፌብሩዋሪ ነው ወይስ ሜይ?»
«ፌብሩዋሪ። ገመዱን በመጥረቢያ ነው ከበረዶ የፈታው።»
መርፌዋን ሁለት ዓይን አሳለፈች።
«ዜሮዋን አምብሮዝን ለምኜ ያስጻፍሁት እኔ ነኝ።
ባዶ ቦታ ሲያይ ሰው እጁን ይበላዋል፤
አንድ ቀን አንዱ መጥቶ
ቀን ይሞላበታል ብዬ።»

ማታ ተመለስሁ። ዜሮዋን ከአዲሱ ዓምድ አነሣሁ፤
አሮጌውን ሸሸግሁት እንጂ አልሰረዝሁ፣
ልመናዋ እዚያ አለ፣ በፊደል፣ እንደ ነበር።

ከዚያ «በተመለሱበት ደርድር» አልሁ።
ሦስት ሺህ ጀልባ ዞሮ ቦታ ቦታውን ያዘ፣
«ኤፊ ማሪ» ከዘመኗ ጋር ታረቀች።
ባዶ ግን፣ በማሽኑ ሕግ፣ ከቁጥር ሁሉ ይቀድማል፤
«ዊኒፍሬድ ቢ» ከሰልፉ ራስ ላይ ቆመች፣
አጠገቧ ነጭ።
ጠቋሚው እዚያው ብልጭ ድርግም ሲል
እጄን ከቁልፎቹ አነሣሁ።